የሰባት ሰው ጀልባ

በፈረንጆቹ 2016 ዓ.ም.፣ ኦክቶበር አራት ቀን፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ካለችው ከኦሮራ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ፓርክ ውስጥ፣ ሰው ሠራሹ ሐይቅ ዳር አራት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው የሰማንያ አንድ ዓመቱ ሽማግሌ አቶ አብዱልሐሚድ ናቸው። ሁለተኛዋ ልጃቸው ሲቲ ናት። ሦስተኛዋ የሲቲ ልጅ አፍናን፣ አራተኛው ደግሞ ጀልባዋን በፒካፑ ጎትቶ ያመጣው ጎረቤታቸው ኤርሚያስ ነው። ሌላ ሰው አልነበረም። ሲቲ ይህንን ኋላ ለፖሊስም፣ ለመስጊዱ ኢማምም፣ ለጠየቃት ሰው ሁሉ ተናግራለች። "አራት ነበርን" ትላለች።

አቶ አብዱልሐሚድ ወሎ ተወልደው አሰብ ያደጉ ሰው ናቸው። አባታቸው ጨርቅ ሊነግዱ ወደ አሰብ ወርደው እዚያው ቀሩ፤ ልጅየው ግን ከሱቁ ይልቅ ባሕሩን ወደደ። ሳንቡክ በሚሉት ባለ ሸራ የእንጨት ጀልባ ከአፋሮችና ከየመኖች ጋር ዓሣ ሲያጠምዱ ወጣትነታቸውን ጨረሱ። ኋላ ባሕሩን ትተው በወደቡ የዕቃ ክብደት መዝጋቢ ሆኑ፤ ለምን እንደተዉት ለማንም ተናግረው አያውቁም። ከአሰብ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ ልጃቸውን ተከትለው ቻምበርስ ሮድ አጠገብ ወዳለችው ጋራዥ ያላት ትንሽ ቤት መጡ። በኦሮራ በኖሩባቸው አሥራ ስምንት ዓመታት ስለ ባሕር አንዲት ቃል አልወጣቸውም።

በዚያ ዓመት ኤፕሪል ላይ ግን አንድ ቀን ጠዋት ከሶላት ተነሥተው፣ "ሲቲ፣ መኪናሽን ከጋራዥ አውጪልኝ፤ ቦታው ያስፈልገኛል" አሉ።

"ለምን አባባ?"

"ጀልባ ልሠራ ነው።"

ሲቲ መጀመሪያ ደስ አላት። አባቷ እናቷ ከሞተች ወዲህ ከሶፋው ተነሥተው አያውቁም ነበርና እጃቸው ሥራ ማግኘቱን እንደ በጎ ነገር ቆጠረችው። ኤርሚያስ ጣውላውን በፒካፑ አመጣላቸው። ኤርሚያስ ዳውንታውን ዴንቨር ውስጥ አንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ላይ የማታ ፈረቃ የሚሠራ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ወንደላጤ ነው። ቀን ቀን ሥራ ስለሌለው ጋራዡ በር ላይ በርጩማ ይዞ ይቀመጣል።

ሽማግሌው ንድፍ አያውቁም። በስንዝርና በክር ለክተው ይቆርጣሉ። ጣውላውን በሙቅ ውሃ በረጠበ ጨርቅ ጠቅልለው ቀስ በቀስ ያጎብጡታል። በጣውላና በጣውላ መካከል ባለው ስንጥቅ ዘይት የጠጣ ጥጥ ይጠቀጥቃሉ። በአሰብ ይህ ዘይት ከሻርክ ጉበት የሚወጣ ነበር። እዚህ ከየት ይምጣ? አፍናን ከመድኃኒት ቤት የዓሣ ዘይት ክኒን በትልልቅ ብልቃጥ እየገዛች፣ እያንዳንዱን ፍሬ በመርፌ እየወጋች ታፈስላቸው ነበር። ሲቲ ደግሞ የምትሠራው ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ስለሆነ፣ የተቀደዱና የሚጣሉ አንሶላዎችን አለቃዋን አስፈቅዳ አመጣች፤ ሽማግሌው ሰፍተው ባለ ሦስት ማዕዘን ሸራ አደረጓቸው።

"ጋሼ፣ እስከ አሰብ ታደርሰናለች?" ይላል ኤርሚያስ። "ፓርኪንግ ከምጠብቅ ከእርስዎ ጋር ዓሣ ባጠምድ ይሻለኛል።"

"አንተን? አንተን መታጠቢያ ገንዳ ውስጥም ያስመልስሃል።"

"ኧረ ጋሼ! ላንጋኖ ዋኝቻለሁ እኮ።"

"ዋኝተሃል ወይስ ቢራ እየጠጣህ ዳር ተቀምጠሃል?"

እንዲህ እየተቀላለዱ በጋው ገባ። ጀልባዋ ቅርጽ ስትይዝ ሲቲ መቀመጫዎቹን ቆጠረች። ሰባት ናቸው። አራት ሜትር ተኩል ለምትሆን ጀልባ ሰባት ሰው ይበዛል፤ ሰባቱም ቦታ ግን በሰው ልክ በጥንቃቄ ተለክቶ ተሠርቷል፤ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠበብ ያለ፣ አንዱ ደግሞ እግሩ ረጅም ለሆነ ሰው ወደ ኋላ የተገፋ። አባቷ ማንን እየለኩ እንደሠሩ መጠየቅ ፈራች።

ጁላይ ላይ የጋራዡ ወለል ማርጠብ ጀመረ።

ሲቲ በመጀመሪያው ቀን ቧንቧ መስሏት ነበር። ኤርሚያስ መጥቶ ግድግዳውን ሁሉ ደባበሰ፤ ቧንቧ በዚያ በኩል አያልፍም። በማግሥቱ ወለሉን በመወልወያ አደረቀችው፤ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ውሃው ተመልሶ ከጀልባዋ ሥር ተኝቷል። ዴንቨር ሰማዩም አየሩም ደረቅ ነው፤ የሰው ከንፈር በበጋ ይሰነጠቃል፤ ያጠቡት ልብስ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይደርቃል። የጀልባዋ ሆድ ግን ከታች እስከ ሁለት ጣውላ ድረስ ርሷል፤ አንዴም ውሃ ያልነካው ሸራ እርጥብ ሆኖ ከብዷል።

"ማሚ፣ ኢትስ ጀስት ኮንደንሴሽን" አለች አፍናን፤ የአየሩ እርጥበት ጠል ሆኖ ነው ማለቷ። ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ናት፤ ሁሉም ነገር ስም ካገኘ ይበቃታል።

ሲቲ አንድ ቀን ጠዋት ብቻዋን ስትሆን ጣቷን ወለሉ ላይ ነክራ ቀመሰች። ጨው ነው። የምግብ ጨው ዓይነት አይደለም፤ ጉሮሮ የሚይዝ፣ የሚመር ጨው ነው። የአሰብን ባሕር ከቀመሰች ሃያ አምስት ዓመት አልፏት ነበር፤ ምላሷ ግን ወዲያው አወቀው።

በዚያው ሳምንት አባቷ ምግብ መተው ጀመሩ። ጠዋት ሻይ፣ ማታ ሁለት ጉርሻ፤ ከዚያ በቃ። ኦገስት ሲገባ ልብሳቸው ከላያቸው ላይ የተሰቀለ መሰለ። ሲቲ አንድ ቀን ከሥራ መልስ ጋራዡ ውስጥ በርጩማ ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

"አባባ፣ ይንገሩኝ። ምን እየሠሩ ነው?"

ሽማግሌው የያዙትን ጥጥ አስቀመጡ። "እዳዬን" አሉ፤ ከዚያም ነገሯት።

በሳንቡክ ሸራ ከመወጠሩ በፊት ናኹዳው፣ ማለትም የጀልባዋ አዛዥ፣ የሰዎቹን ስም አንድ በአንድ ይጠራል። የተጠራው ይመልሳል፤ አፋሩ በአፋርኛ፣ የመኑ በዐረብኛ፣ አብዱልሐሚድ ደግሞ "አቤት" ብሎ። የመለሰ ሰው ተቆጠረ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ መቅረት የለም። የግድ ከቀረ ሌላ ሰው በቦታው ገብቶ ይቀመጣል። አለዚያ የተቆጠረውን ሰው ባሕሩ ራሱ መጥቶ ይወስደዋል ይባል ነበር፤ ማንም ይህን ሊሞክረው አይፈልግም።

"ያን ቀን ናኹዳ ዑመር ጠራኝ፤ አቤት አልኩ። ሸራው ሊወጣ ሲል የጎረቤት ሴት እየሮጠች መጣች። እናትሽ ምጥ ጠንቶባታል። ወንድሜ ኑርሁሴን ሊሸኘኝ መጥቶ ዳር ላይ ቆሟል፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። 'ሂድ፣ እኔ እገባልሃለሁ' አለኝና ዘሎ ገባ። አንቺ ከቀትር በኋላ ተወለድሽ። እነሱ አልተመለሱም። ሰባት ሰው፤ አንዲት ጣውላ እንኳ አልተገኘችም።"

ሲቲ በርጩማዋን ወደ እሳቸው አስጠጋች። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አጎት እንደነበራት ያወቀችው ገና አሁን ነው።

"ኑርሁሴን በሰው ቦታ ነው የተቀመጠው" አሉ ሽማግሌው። "ሃምሳ ሁለት ዓመት በሰው ቦታ መቀመጥ ይደክማል። ከኤፕሪል ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ይመጣሉ። ወለሉን ታይው የለም እንዴ?"

"አባባ፣ አላህን ይፍሩ! ሙታን አይመጡም።"

"እኔም አላውቅም። ለማወቅ ነው። ጀልባዋን ውሃ ላይ አወጣና ስማቸውን እጠራለሁ። ማንም ካልመለሰልኝ በቃ፣ ሙታን ናቸው፤ ወርጄ ከእናንተ ጋር ቁርስ እበላለሁ፤ ጀልባዋንም ኤርሚያስ ይውሰዳት። አንድ ሰው ድምፁን ካሰማኝ ግን ኑርሁሴን ቦታዬን ይልቀቅልኝ፤ እኔ እሄዳለሁ።"

ሲቲ ሌሊቱን ሙሉ አሰበችበት። ብትከለክላቸው በረሃብ ሊያልቁ ነው። ሙት ደግሞ አይናገርም። አንድ ጠዋት ውሃ ዳር ቆሞ ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት፤ ከዚያ አባቷ ከነነፍሳቸው ወደ ቤት ይመለሳሉ፤ ይበላሉ። በማግሥቱ "እሺ" አለቻቸው።

ጀልባዋ አልቃ፣ ኦክቶበር አራት ንጋት ላይ ተጎታች ላይ ሲጭኗት ኤርሚያስን ለብቻው ጎትታ አስጠነቀቀችው። የምትፈራው እሱን ነበር። ኤርሚያስ ሽማግሌ ሲጣራ ከሦስተኛ ቤት እንኳ ቢሰማ "አቤት!" ብሎ የሚነሣ ሰው ነው፤ አሳዳጊ የበደለው አይደለም።

"ኤርሚ፣ ስም ሲጠሩ ቃል እንዳይወጣህ። ማንም ይጠራ ማን።"

"ሲትዬ ሙች፣ ትንፍሽ አልልም። ከፈለግሽ አፌን በፕላስተር ዝጊው።"

"አልቀልድም።"

"እኔስ መቼ ቀለድኩ? አንድ ማስቲካ አለኝ፤ እሱን አኝካለሁ።"

ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ፀሐይ ገና ከሜዳው ላይ መውጣቷ ነበር። ነፋስ የሚባል የለም። ዳር ዳሩ ላይ ያለው ቄጠማ አንዱም አይንቀሳቀስም፤ ውሃው እንደ መስታወት ተኝቷል። ማዶ ያሉት ተራሮች ጫፋቸው ላይ አዲስ በረዶ ይዘዋል። ጀልባዋን አንሸራተው ውሃው ላይ አወረዷት፤ ምንም ሳታጋድል ቀጥ ብላ ቆመች። ኤርሚያስ እንኳ ለአፍታ ማስቲካውን ማኘክ አቆመ።

አቶ አብዱልሐሚድ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰዋል። ገብተው ከኋላ፣ ከመሪው አጠገብ ባለው ሰባተኛው ቦታ ተቀመጡ። ሸራው ምሰሶው ሥር እንደተጠቀለለ ነው። ሲቲ የፕላስቲክ ቦቲ ጫማ አድርጋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ውሃ ውስጥ ገብታለች፤ ከጀልባዋ አፍንጫ ላይ የታሰረው ገመድ እጇ ላይ ነው። እንዳይሄዱባት ገመዱን ሁለት ጊዜ መዳፏ ላይ ጠምጥማዋለች።

"ዑመር!" ብለው ጠሩ ሽማግሌው።

ድምፃቸው የሰማንያ ዓመት ሰው ድምፅ አልነበረም። ውሃው ላይ ሄዶ ማዶ ነካና ጠፋ። ማንም አልመለሰም። ሲቲ ግን ዓይኗ ጀልባዋ ሆድ ላይ ነበር፤ ጀልባዋ አንድ ጣት ያህል ወደ ውሃው ዝቅ አለች።

"ሐመዱ!"

ዝም። ጀልባዋ አንድ ጣት ዝቅ አለች።

"እድሪስ!"

አሁን በግራ በኩል ትንሽ አዘነበለች፤ አንድ ሰው ጠርዟን ረግጦ የገባ ይመስላል። ከዚያ ተስተካከለች። ሲቲ ወደ ኤርሚያስ ዞር አለች። ከንፈሩን ነክሶ መሬት መሬት ያያል፤ ጀልባዋን አያይም። አፍናን ስልኳን ደረቷ ላይ ይዛ ቆማለች።

"ዓሊ! ጣሂር! ሰዒድ!"

በየስሙ አንድ ጣት። ስድስተኛው ሲጠራ ውሃው ጠርዙ ላይ ሊደርስ የቀረው ሁለት ጣውላ ብቻ ነው። አንድ ሽማግሌ የተቀመጠባት ጀልባ እንደዚያ አትሰምጥም። ሲቲ ገመዱን ጠበቅ አድርጋ ያዘች፤ ነገር ግን ድምፅ አልተሰማም፤ ቃል የተባለ የለም፤ አባቷም ያሉት ድምፅ ነው። አንድ ስም ብቻ ቀርቷል። "አንድ ብቻ" አለች በልቧ፤ "አንድ ብቻ፣ ከዚያ ቁርስ።"

"ኑርሁሴን!"

ምንም የለም። ጀልባዋም አልተንቀሳቀሰችም።

ሽማግሌው ጠበቁ። እንደገና ጠሩ፤ ረጋ ብለው፣ የሚመጣበትን መንገድ ለማያውቅ ሰው እንደሚጣራ ሰው። "ኑርሁሴን!" ዝም። አንገታቸውን ወደ ዳሩ መለሱ። ፊታቸው በር አንኳኩቶ የተከለከለ እንግዳ ፊት ሆነ። በሦስተኛው ድምፃቸው ተሰነጠቀ፤ ስሙን እስከ መጨረሻው ማድረስ እንኳ አቃታቸው።

ሲቲ በተወለደችበት ቤት አባት ሦስት ጊዜ ተጣርቶ መልስ ያጣበት ቀን የለም። ኩሽናም ትሁን፣ ደጅም ትሁን፣ ቢቆጧትም፣ ቢያማትም፣ ትመልሳለች። ማሰብ አይጠይቅም፤ እግር መንገድ እንደሚያውቀው ነው። ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ የመለሰው አፏ ያን ጠዋትም እሷን አላማከራትም።

"አቤት" አለች።

ማስቲካው ከኤርሚያስ አፍ ወደቀ። "ኧረ ሲቲ!"

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ገለጡ። ደስታ ፊታቸው ላይ ሊወጣ ጀምሮ ነበር፤ ከዚያ ከየት እንደመጣ ገባቸው፤ ደስታው ጠፋ። "ሲቲ፣ አንቺ ነሽ?"

"አምልጦኝ ነው አባባ። አይቆጠርም። እኔ ነኝ እኮ፤ ማንም አልመለሰም፤ ይውረዱ፣ ይምጡ።"

"ተቆጥረሻል ልጄ።"

"የድሮ ወሬ ነው!"

"ታዲያ እዚያ ድረስ ለምን ገባሽ?"

ሲቲ ወደ ታች አየች። ውሃው ወገቧ ላይ ደርሷል። አንድ እርምጃ መራመዷን አታስታውስም። ጫማዋ ውስጥ የገባው ውሃ የተራራ በረዶ ውሃ መሆን ሲገባው ለብ ያለ ነው፤ የባሕር ሞቃት ውሃ። ገመዱ መዳፏን አጥብቆ ይስባታል፤ የሚስብ ሰው ግን አይታይም፤ አባቷ ያሉት ከጀልባዋ ኋላ፣ ገመዱ የታሰረው ከፊት ነው። ሌላ አንድ እርምጃ ሄደች። እግሯን እንዳይሄድ አዘዘችው፤ አልሰማትም።

"ኤርሚያስ! ያዛት!" ብለው ጮኹ ሽማግሌው።

ኤርሚያስ ከነልብሱ ውሃ ውስጥ ገብቶ ወገቧን ከኋላ አቀፈ። አፍናን እያለቀሰች ክንዷን ያዘች። ለሁለት ጎትተው ሊያስቆሟት አልቻሉም፤ ሦስቱም ቀስ በቀስ ወደ ጀልባዋ ይሄዱ ጀመር። ያን ጊዜ አቶ አብዱልሐሚድ ከጀልባዋ ውስጥ ወደ ምሰሶው ዞሩ፤ ባዶ ወደሆኑት ስድስት መቀመጫዎች። በዐረብኛ፣ ከዚያም በአፋርኛ አንድ ነገር ተናገሩ። በመጨረሻ በአማርኛ እንዲህ አሉ፦

"እሷ አትገባም። በቦታዋ እኔ አለሁ።"

ቀና ብለው ሲቲን አዩዋት። "እኔ ባሕሩ ሲፈልገኝ ዕድሜዬ አለቀ። አንቺን እንዲፈልግሽ አልተውም። ቁርሳችሁን ብሉ።"

"አባባ፣ ይውረዱ! አባባ፣ በአላህ!"

የጀልባዋ አፍንጫ ላይ ያለው ቋጠሮ ተፈታ። ኤርሚያስ ራሱ ጠዋት ያሰረው፣ በጥርስም የማይላላ ቋጠሮ ነበር። ገመዱ ከሲቲ እጅ ላይ ረገበ፤ ሦስቱም ወደ ኋላ ውሃው ላይ ወደቁ። ሲነሡ ሸራው ተወጥሯል። ቄጠማው አሁንም ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ የአፍናን ፀጉር እንኳ አይንቀሳቀስም፤ ከሆቴል አንሶላ የተሰፋው ሸራ ግን ሆዱን ነፍቶ ጀልባዋን ወደ መሃል ይዟት ይሄዳል። ሽማግሌው መሪውን ይዘዋል። ትከሻቸውን ወደ አንድ ወገን ሰብሰብ አድርገዋል፤ ጠባብ ታክሲ ውስጥ ከሰው ጋር ተጠጋግቶ እንደሚቀመጥ ሰው። አንዴ ሲስቁ የተሰማ መሰለ።

አፍናን ዘጠኝ አንድ አንድ ልትደውል ስልኳን ፈለገች፤ ውሃ ውስጥ ገብቷል። ኤርሚያስ የራሱን ስልክ ሊያመጣ ወደ ፒካፑ ሮጠ። ስለዚህ እስከ መጨረሻው ያየችው ሲቲ ብቻ ናት። ጀልባዋ ከሐይቁ መሃል ስትደርስ ሸራው በአንዴ ረገበ። ጀልባዋም ክብደቷ ሁሉ የተራገፈ ይመስል ከውሃው ላይ ተነሥታ ሁለት ጊዜ ዋለለች። መሪው አጠገብ ማንም አልነበረም። ውሃው አልተረጨም፤ ድምፅም አልነበረም።

የፓርኩ ጠባቂዎች ኤርሚያስ በደወለ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ደረሱ። ጠላቂዎች እስከ ዓርብ ፈለጉ፤ ሐይቁ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ ስምንት ሜትር አይሞላም፤ አስከሬን አላገኙም። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ በመስጊዱ አስከሬን ለሌለው ሰው የሚሰገደው ሶላት ተሰገደላቸው። በኖቬምበር ሲቲ ቤቱን ለቅቃ ከአፍናን ጋር እንግልውድ ውስጥ አፓርትመንት ተከራየች።